መጫኛውን የያዘው ሰው

ዓይኔን ሞራ ከሸፈነው ወዲህ ሥዕል መተርጎሙን ትቻለሁ። መጋረጃው ሲገለጥ የሚታየኝ የቀይና የቢጫ ድብልቅ ብቻ ነው፤ ማን ቆሞ ማን እንደወደቀ አልለይም። ያሁኑ የደብራችን አለቃ «በቃልዎ ያውቁት የለም ወይ፣ ቆመው ይንገሩን እንጂ» ብለው ለምነውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። የማላየውን ሥዕል ተርጉሜ አላውቅም፤ በስተርጅናም አልጀምርም።

ሥራው ምን እንደነበረ ለማያውቅ ልንገር። በጃንሆይ ዘመን በኛ አገር ከምእመኑ ብዙው ፊደል አልቆጠረም። በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ያለው ሥዕል በንግሥ ቀን መጋረጃው ሲነሣለት፣ ይኼ ማን ነው፣ ምን ሆኖ ነው የሚል ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ያንን ሰው ሆኜ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። መጀመሪያ ጋይንት፣ ቀጥሎ እስቴ፣ በመጨረሻ ስማዳ። ድርጎዬ የገብስና የባቄላ ነበር፤ አልተራብኩበትም፣ አልከበርኩበትም።

ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም የሄድኩት ዜማ ልማር ነበር። ድምፄ ግን ከጓደኞቼ ድምፅ ጋር ሊገጥም አልቻለም። መምህሬ የኔታ ሀብቱ አንድ ቀን ከመካከል አስቆሙኝና «አንተ ልጅ፣ ለማህሌት አልተፈጠርክም። ና፣ ከሥዕሉ ጋር ላስተዋውቅህ» አሉኝ። አፈርኩ። በኋላ ግን እንዳዘኑልኝ ሳይሆን እንደመረጡኝ ገባኝ።

የኔታ ሥዕል ሲተረጉሙ የማይተዉአቸው ልማዶች ነበሩዋቸው። መጋረጃው ከተነሣ በኋላ ወዲያው አይናገሩም። «ምን ታያላችሁ?» ብለው ይጠይቁና ይጠብቃሉ። ያ ዝምታ እኛን ተማሪዎቹን ያስጨንቀን ነበር፤ እሳቸው ግን አንዲት ባልቴት «በሬ ይታየኛል» እስክትል ድረስ ንቅንቅ አይሉም። ሲጀምሩም ከግርጌ ነው፣ ስለት ያገባው ሰው ተደፍቶ ከሚሣልበት። «ሰው ራሱን የሚያገኘው ከታች ነው። መልአኩ የትም አይሄድም፣ ይደረስበታል» ይላሉ። የሚያመለክቱት በሸምበቆ ነው፤ ሸምበቆው ቀለሙን አይነካም፣ ጥላው ብቻ ያርፍበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አይታይም» የምትል ቃል ነበረቻቸው። አንዲት ባለጸጋ እመቤት «እኒህ ሽማግሌ አያቴ ናቸው አይደል?» ብለው ሲጠይቁዋቸው፣ «ሽማግሌ ይታያሉ፤ የእርስዎ አያት መሆናቸው አይታይም» አሉዋቸው። እመቤቲቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ሊሰጡት ያሰቡትን ጃንጥላ ይዘው ተመለሱ።

የዓይኑን ነገርም ከሳቸው ነው የተማርኩት። ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥሉታል። ክፉውን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሥሉታል። ይሁዳ አንድ ዓይን ነው፣ ሰይጣን አንድ ዓይን ነው። ይኼን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

እስቴ ላይ ከመካነ ኢየሱስ ብዙ በማይርቅ ደብር ተቀጥሬ ሳለሁ ሥራዬ የሰላም ነበር። እዚያ ያለው ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ የአንድ ድሀ ገበሬን የሞተ በሬ ከእርሻው መካከል ሲያስነሣ ያሳያል። ሠዓሊው አርሶ ስለማያውቅ ሞፈሩን ከቀንበሩ ሳያገናኝ ሥሎታል። አንድ ገበሬ በየዓመቱ እየመጣ «መሪጌታ፣ በሬው ቢነሣም በዚህ ሞፈር አያርስም» ይለኛል፤ ሕዝቡ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። በነገሥታቱና በሰማዕታቱ ሥዕል ፊት ማንም እንዲህ አይቀልድም። በሬው፣ ምጡ፣ ጎርፉ የተሣለበት ግን የሰው የራሱ ቤት ነው፤ ሰው በቤቱ እንደሚናገረው ይናገራል። ያ ነገር እንደሚያስቅ ሁሉ እንደሚያስፈራ የገባኝ ስማዳ ስሄድ ነው።

ስማዳ የተላክሁበት የሚካኤል ደብር ከወገዳ ወደ ቆላው ሲወረድ አፋፍ ላይ የተሠራ ነው። ከአጥሩ ማዶ ገደል ነው። የደብሩ አለቃ ገሠሠ ቀጭን፣ ቶሎ የሚደነግጡ ሰው ነበሩ። በደረስኩ ሰሞን ወደ መቅደሱ ደቡብ ግድግዳ ወሰዱኝና መጋረጃውን በገዛ እጃቸው አነሡ።

ሥዕሉ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ አዲስ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ከገደል እየወደቀ ነው። ከሥሩ ጥድ አለ፤ በጥዱና በሰውየው መካከል የቅዱስ ሚካኤል እጅ ተዘርግቷል። ከአፋፉ ላይ አንዲት ሴት እጆችዋን በራስዋ ላይ ጭናለች። ከሴቲቱ አጠገብ የተበጠሰ መጫኛ፣ ማለት ለጭነት ማሠሪያ የሚሆን የጠፍር ገመድ፣ በእጁ የቀረ ሌላ ሰው ቆሟል። ፊቱ በጎኑ ነው። ዓይኑ አንድ ነው።

«የወደቀው አድማሱ ይባላል» አሉኝ አለቃ ገሠሠ። «የገደል ማር ሊቆርጥ በመጫኛ ሲወርድ ነው። ጥዱ ላይ አርፎ ወገቡ ተሰብሮ ተረፈ። ስለቱን ሊያገባ ሥዕሉን አዘዘ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ሞተ። ያ መጫኛውን የያዘው የሚስቱ ወንድም ነው፣ ተገኘ። አለ፣ በሕይወት አለ። ከርስዎ በፊት የነበሩት ተርጓሚ ‹ይኼ መጫኛውን የቆረጠው ክፉ አማች ነው› እያሉ ሲናገሩ ኖሩ።»

«ቆርጦ ነው?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቄ! አደጋው በደረሰ ዕለት የመጫኛውን ቁራጭ አቃጠለው ይላሉ። ሰው የሚለው ይኼን ነው።»

አያ ተገኘን ያየኋቸው በመጀመሪያው እሑድ ነው። ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ግራ፣ ድንጋይ ተደግፈው ቅዳሴውን ያዳምጣሉ። ሥዕሉ ከተሣለ ጊዜ ጀምሮ በሩን አልፈው አያውቁም። ሰላም ስላቸው ደንግጠው ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ሰላም የሚላቸው ካህን አልለመዱም።

ከመስከረም በኋላ የአድማሱ ልጅ ይርጋ ሊያነጋግረኝ መጣ። ሊያገባ የታጨ፣ ቁመተ ረጅም ጎልማሳ ነው። ምንሽሩን ከደጄ አስደግፎ ገባ፤ ሊቀመጥ ግን አልፈለገም።

«መሪጌታ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ሕዝብ ፊት፣ ያንን ሥዕል እንዲተረጉሙልኝ ነው የመጣሁት።»

«ሌላ ጊዜ ሲተረጎም ሰምተህ የለም ወይ?»

«ሰምቼአለሁ። የአባቴ ወንድሞች ግን በለቅሶውም በሠርጉም ይሰድቡኛል። ‹አባትህን ወገቡን ሰብሮ ያስቀረ ሰው በአጥር ሥር ቆሞ ያስቀድሳል፣ አንተ ልትሞሸር ነው› ይሉኛል። በሐሰት ሰው አልነካም። እርስዎ ቤተ ልሔም የተማሩ ኖት። ቆርጧል ወይስ አልቆረጠም? ቆርጧል ካሉ የቀረውን እኔ አውቃለሁ።»

«ያ ሰው የእናትህ ወንድም ነው» አልኩት።

«እናቴ መንኩሳለች። አትናገርም። ስጠይቃት ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም» አለና ምንሽሩን አንሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ለአለቃው ነገርኳቸው። አለቃ ገሠሠ ጉዳዩን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። «በቤተ ክርስቲያኔ ደጅ ደም ሊፈስ ነው! መሪጌታ፣ አልቆረጠም ይበሉ። ምን ይቸግርዎታል? አልቆረጠም ብለው ይጨርሱት።» እኔም አስቤበታለሁ፤ አልዋሽም። አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። ግን አንድ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ ሕዝቡ በሙሉ ያውቃል። አልቆረጠም ብል ይርጋ በአንድ አፍታ በውሸቴ ይይዘኛል፤ ከዚያ በኋላ የምናገረውን ሁሉ አያምነኝም።

የኔታ የማያውቁት ሥዕል ሲገጥማቸው ሠዓሊውን ፍለጋ ይሄዱ ነበር። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ሠዓሊው እስቴ ውስጥ እንደሚኖሩ ስለሰማሁ ስንቄን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ ቁልቁለት ረዘመብኝ። የምሰማውን ፈራሁት። ሠዓሊው ‹አድማሱ ራሱ ክፉ አድርገህ ሣለው ብሎኛል› ቢሉኝስ? ያንን ይዤ እንዴት እመለሳለሁ?

ሠዓሊው እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ሆነዋል። ከጎጆአቸው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሥዕሉን ወዲያው አስታወሱት።

«አድማሱ እያነከሰ መጥቶ ሁሉንም ነገረኝ» አሉ። «ገደሉን፣ ጥዱን፣ የመልአኩን እጅ። ‹መጫኛውን የያዘው እንዴት ያለ ሰው ነው፣ ደግ ነው ክፉ?› አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ ጠየቅሁት። ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደግ ቢሆን ኖሮ ደግ ነው ይለኝ ነበር ብዬ አንድ ዓይን ሰጠሁት።»

«ዝም ስላለ ብቻ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ መሪጌታ? ፊቱን ባዶ ትቼ ከመሰላል ልውረድ?»

«አድማሱ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ አይቶታል?»

«አላየውም። ሥዕሉ ሳያልቅ ነው የሞተው።»

ስመለስ ልቤ ቀለል ብሎኝ ነበር። ሥዕሉ ምስክር አለመሆኑን አወቅሁ፤ አንድ ዓይኑ የሠዓሊው ግምት ነው። ይኼን ሕዝብ ፊት እናገራለሁ፣ ይርጋም በሐሰት ሰው አልነካም ብሏል፣ ነገሩ ያልቃል። እንዲህ ብዬ ነበር የገባሁት።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ደብሩ ሞላ። ገብሱ ታጭዶ ስለነበር ከየመንደሩ ያልመጣ ሰው የለም። ጠመንጃ ይዞ መግባት ስለማይቻል ይርጋ ምንሽሩን በሩ ላይ ለአባቱ ወንድም ልጅ ሰጥቶ ገባ። ከበሩ ማዶ፣ እንደወትሮው ድንጋዩን ተደግፈው፣ አያ ተገኘ ቆመዋል። ምንሽሩን የያዘው ልጅና እሳቸው ቢነጋገሩ ይደማመጣሉ። አለቃ ገሠሠ ይኼን አይተው መስቀላቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

መጋረጃው ተነሣ። ሸምበቆዬን አነሣሁ። ከግርጌ ጀመርኩ፦ ተደፍቶ የሚሰግደው አድማሱ ነው፣ ይኼ ጥዱ ነው፣ ይኼ የመልአኩ እጅ ነው። ሕዝቡ እንደተለመደው እልል አላለም። ሁሉም የሚጠብቀው የላይኛውን ነበር። ሸምበቆዬን ወደ አፋፉ አነሣሁ።

«ይኼ ሰው የተበጠሰ መጫኛ ይዟል። ቢላዋ ግን በእጁ የለም። መቁረጡ አይታይም» አልኩ። «አንድ ዓይኑን በተመለከተ ሠዓሊውን ራሳቸውን ሄጄ ጠይቄአለሁ። አድማሱን ደግ ነው ክፉ ብለው ቢጠይቁት ዝም ስላላቸው፣ በግምት የሣሉት መሆኑን ነግረውኛል። ስለዚህ ይኼ ዓይን የማንም ምስክርነት አይደለም።»

ይርጋ ከመካከል «አባቴ ዝም አለ?» ሲል ሰማሁት።

«ዝም አለ።»

«ደግ ነው ማለት አልቻለም።»

«ለምን ዝም እንዳለ አላውቅም ልጄ።»

«እኔ ግን አወቅሁ» አለ።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይርጋ ማስረጃ ብሎ የያዘው የሠዓሊ ብሩሽ ብቻ ነበር። እኔ ተጉዤ፣ ደክሜ፣ የሞተ አባቱን ዝምታ አምጥቼ ሰጠሁት። ከዚያ በላይ ምስክር አልፈለገም። ሕዝቡን እየገፋ ወደ ውጭ ወጣ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያች ሰዓት እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እንደዚያች ሰዓትም የከሸፈብኝ የለም። ሸምበቆዬን ጥዬ እየሮጥኩ ተከተልኩት፤ አለቃ ገሠሠም ከኋላዬ «በሚካኤል! በሚካኤል!» እያሉ ይጮኻሉ። ጎልማሳ ግን አይደረስበትም። እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳንወጣ እሱ የግቢውን እኩሌታ አልፏል።

ያስቆመው የእናቱ ድምፅ ነው። እማሆይ ብርቄ ልጃቸው አፉን ሲከፍት ገና በሴቶች በር ወጥተው ከሱ ቀድመው የግቢው በር ላይ ደርሰዋል። እኒያ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ የማይታዩ፣ በየንግሡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚቆሙ መነኩሲት እጃቸውን ዘርግተው በሩን ዘጉት።

«ይርጋ፣ ቁም!»

«እማዬ፣ ዞር በይልኝ።»

«አልዞርም። መጫኛውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ልጁ አልገባውም። እኛም አልገባንም። እሳቸው ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ሕዝቡ በሙሉ እየወጣ ሲከብባቸው፣ ሳያቋርጡ ተናገሩ።

«አባትህ ከመውደቁ በፊት ባለው ሰሞን መጫኛው ከጎተራው ሥር ሆኖ አይጥ ሲበላው አይቼአለሁ። ለአድማሱ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። አንተ በትኩሳት ታመህብኝ፣ ሌሊትም ቀንም አንተን ይዤ ስቀመጥ ከልቤ ጠፋ። በዚያን ዕለት ጧት ‹መጫኛው ደህና ነው?› አለኝ። ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ ‹ደህና ነው› አልኩት። ደህና ነው አልኩት ይርጋ! ሲበጠስ ወንድሜ ቁራጩን አየው፤ የአይጥ ጥርስ አለበት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም አላለም፣ ወስዶ አቃጠለው። አማቶቼ ቢያውቁ አንተን ቀምተው ያባርሩኝ ነበር። አባትህም አወቀ። ሁለቱም አውቀው ዝም አሉልኝ። አባትህ ሞተ፤ ይኼኛው አጥር ሥር ቆሞ አረጀ። እናንተ ሥዕሉን ስትተረጉሙ፣ እዚያ ውስጥ እጄን በራሴ ላይ ጭኜ ቆሜ እያያችሁኝ፣ አንዳችሁም አንቺስ ምን አየሽ አላላችሁኝም። እኔም ፈርቼ አልተናገርኩም።»

ይርጋ ከእናቱ ትከሻ በላይ ወደ ውጭ አየ። አያ ተገኘ ድንጋዩን ለቀው ቆመዋል።

«እውነት ነው?» አላቸው።

«እናትህ ጾም በዝቶባት ነው» አሉ አያ ተገኘ። ድምፃቸው በጭንቅ ይሰማ ነበር። «የምትለውን አታውቅም። መጫኛው ከእጄ ነው የተበጠሰው።»

እማሆይ ዞር ብለው ወንድማቸውን አዩ። «በቃ ተገኘ» አሉዋቸው። «አሁንስ በቃ።»

ሽማግሌው ኩታቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ይርጋ እናቱ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለ። የአባቱ ወንድም ልጅ ምንሽሩን ለማን እንደሚሰጥ ጠፍቶት ወዲያና ወዲህ ሲያይ፣ አለቃ ገሠሠ ሄደው ከእጁ ተቀበሉትና ከደወሉ ቤት አስገቡት።

ያን ቀን ታቦቱ የገባው ዘግይቶ ነው። ሕዝቡ ወደየመንደሩ ከተበተነ በኋላ እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ የጣልኩትን ሸምበቆ አንሥቼ መጋረጃውን ልመልስ ስል፣ ይርጋ አጎቱን በክንዱ ደግፎ በበሩ ሲያስገባቸው አየሁ። አያ ተገኘ ጫማቸውን አወለቁ፣ መድረኩን ሳሙ፣ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆሙ። ያ ሁሉ ዘመን የተሰደቡበትን ሥዕል አይተውት አያውቁም ነበር።

«መሪጌታ፣ እስቲ ይንገሩኝ» አሉ።

«እርስዎ ቢነግሩኝ ነው የሚሻለው» አልኳቸው።

ቀረብ ብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። አንድ ዓይን ያለውን ሰው አለፉት፤ እሳቸው መሆናቸውን ያወቁም አልመሰለኝ። ጥዱን አዩ፣ አድማሱን አዩ። ከሴቲቱ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ ልክ አይደለም» አሉ። «ብርቄ እጅዋን በራስዋ ላይ አላደረገችም። እንዴት ታደርጋለች፣ ልጁን ታቅፋ? ያን ጊዜ እንደ እሳት ይነድ ነበር፤ ቤት ትታው መምጣት አልቻለችም። አድማሱ ጥዱ ላይ ሆኖ ትንፋሹ ሲመለስ መጀመሪያ የጮኸው ‹ልጁ እንዴት ነው?› ብሎ ነው። ወገቡ ተሰብሮ! እኔ ‹ደህና ነው፣ አንተስ?› አልኩት።»

ይርጋ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ስለዚያ ሥዕል ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ ኖሯል።

«እኔም እዚያ ነበርኩ?» አለ።

«ነበርክ እንጂ።»

«የት ጋ?»

አያ ተገኘ ሸምበቆዬን ከእጄ ወስደው ቀና አደረጉና፣ ከሴቲቱ ደረት ዝቅ ብሎ ካለው ባዶ ቢጫ ቀለም ላይ ጥላውን አሳረፉት።

«እዚህ» አሉ።